ሳይቃጠል በቅጠል፤ ሮኬት ሳይበር በምድር ሲፈተን

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር፣ በኩታበር ዙሪያ የገብሱ አጨዳ በተያዘበት ሰሞን፣ ከማስተምራቸው የዘጠነኛ ክፍል ልጆች አንዱ ከትምህርት ሰዓት በኋላ መጥቶ ከመምህራን ክፍል በር ላይ ቆመ። በብብቱ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው ዙሪያውን ቃኘና፣ «ሮኬት ነው፣ መምህር» አለኝ።

ጋዜጣውን ስፈታው ክንድ የማይሞላ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ወጣ። አንዱ ጫፉ በብየዳ ተደፍኗል፤ ሌላው ጫፉ በመዶሻ ተቀጥቅጦ እንዲጠብ ተደርጓል። «ቅዳሜ ከትልቅ ድንጋይ ጋር አስሬ ልሞክረው ነው። ሮኬት ሳይበር በፊት በምድር ይፈተናል ብለው አስተምረውን የለም? የሚሞላውንም ባሩድ አግኝቻለሁ» አለኝ። ባሩዱን ከየት እንዳገኘው ስጠይቀው በመስኮቱ በኩል ቁልቁል፣ በጦርነቱ ጊዜ ምሽግ ወደ ነበረበት አፋፍ በጣቱ አመለከተኝ።

አንባቢ ሆይ፤ በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ጦርነቱ ኩታበር ደርሶ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ መውረዱን የሚያስታውስ ሰው፣ ከዚያ በኋላ በየማሳውና በየአፋፉ ምን ተጥሎ እንደ ቀረ አይጠፋውም። ከብት ሲጠብቅ ያገኘውን ብረት በድንጋይ ቀጥቅጦ ጣቶቹን ያጣ እረኛ እኔ ራሴ አይቻለሁ። ስለዚህ ልጁ ጣቱን ወደ አፋፉ ሲቀስር፣ እኔ ያየሁት ያን የእረኛውን እጅ ነበር።

ልጁ ባለጌም ሰነፍም አይደለም፤ በፊዚክስ ከክፍሉ የሚቀድም ነው። ተቆጥቼ ብመልሰው ነገሩን እንደማይተወው፣ ታናሽ እኅቱ ብቻ በምታይበት ጓሮ ብቻውን እንደሚሞክረው ገባኝ። ቧንቧውን ከእጁ ተቀብዬ፣ ወደዚያ ስፍራ ዳግመኛ እንዳይወርድ ቃል አስገብቼ፣ «እስከ ሰኞ ታገሠኝ፤ በደንቡ እንሠራዋለን» አልኩት። የዚያኑ ዕለት ማታ ለአባቱና ለቀበሌው ነገርኩ። ይህ ጽሑፍ እስከ ሰኞ ካሰብኩትና ከዚያ ወዲህ ከልጆቹ ጋር አብረን ከተማርነው የወጣ ነው።

በምድር መፈተን ማለት ምን ማለት ነው?

የልጆቹ ምኞት ከሜዳ የበቀለ አይደለም። በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት በቻይና ሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት ተጭና ወደ ሰማይ መጠቀች፤ ሁለተኛዋም በታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ተከተለች። በዚያን ጊዜ ገና ሕፃናት የነበሩት ዛሬ በእኛ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ «ሳተላይቷ የእኛ ከሆነች ሮኬቱስ መቼ ነው የእኛ የሚሆነው?» ይላሉ። ጥያቄው የሚያስከብር እንጂ የሚያስቆጣ አይደለም።

ሮኬት የሚሄደው ከኋላው በኃይል በሚወጣው ጋዝ ነው። ጋዙ ወደ ኋላ ሲወረወር ሮኬቱ በዚያው መጠን ወደ ፊት ይገፋል፤ ይህም የኒውተን ሦስተኛው ሕግ ነው። ሮኬቱን ከምድር ጋር አጥብቀን አስረን ሞተሩን ብናቀጣጥለው፣ መብረር ስለማይችል ግፊቱን በሙሉ ለያዘው ነገር ይሰጣል። በመካከል ሚዛን ብናስገባ ግፊቱ ስንት ኒውተን እንደ ሆነና ስንት ሴኮንድ እንደ ቆየ እናነባለን። በምድር መፈተን ማለት ይኸው ነው።

አሜሪካዊው የፊዚክስ መምህር ሮበርት ጎዳርድ በአውሮፓ አቆጣጠር በማርች 16 ቀን 1926 የመጀመሪያውን የፈሳሽ ነዳጅ ሮኬት አስነሣ። ሮኬቱ ሁለት ሴኮንድ ተኩል ቆይቶ 12 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ወደቀ። ነገር ግን ለዚያች አጭር በረራ ያበቃው ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት ሮኬትን አስሮ ሲመዝን መኖሩ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። የታሰረ ነገር ጉዳት አያመጣም ብሎ ያስባል። የሚበረው ሮኬት ቢበላሽ እንኳ ከእኛ ሸሽቶ ይበላሻል፤ የታሰረው ግን ከነቁጣው አጠገባችን ይቀራል። ስለዚህ የታሰረው ከሚበረው ይልቅ ሊፈራ ይገባዋል።

የወሎ ምድር ሮኬትን የሚያውቀው ከጥንት ነው

ከእኛ በስተ ምዕራብ፣ ከመቅደላ ግርጌ፣ እሮጌ የሚባለው ሜዳ አለ። በሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ፊታውራሪ ገብርዬ የወደቁበት ጦርነት በዚያ ሲደረግ፣ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል ጓድ በበቅሎ ጭኖ ያመጣውን ሮኬት ወደ አፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ይተኩስ ነበር። የወሎ ሰማይ ሮኬት ያየው እንግዲህ ዛሬ አይደለም።

በዚያው ቀን ፋላ ከሚባለው ተራራ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መድፎች ተተኩሰው ነበር። ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ፣ ባሩዱ ከልክ በላይ ተጭኖበት ኖሮ፣ በተተኮሰ ጊዜ ራሱ ፈነዳ ይባላል። በጋፋት በብዙ ድካም የተሠራውና በብዙ ሰው ጉልበት ተራራ የወጣው መሣሪያ በራሱ ባለቤቶች ላይ ተሰበረ። ይህን ታሪክ ለልጆቹ ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ፤ የቧንቧው ባለቤትም አንገቱን ደፋ።

የብረት ቧንቧ ለምን ይፈነዳል?

በተዘጋ ዕቃ ውስጥ የሚነድ ባሩድ እየነደደ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በጠባቧ ቀዳዳ የሚወጣበት ፍጥነት ከሚመረትበት ጋር ከተካከለ ሮኬት ይሆናል። ቀዳዳዋ ከጠበበች፣ ወይም በቆሻሻ ከተደፈነች፣ ወይም ባሩዱ ውስጡ ከተሰነጠቀና የሚነደው ገጽ ከሰፋ፣ ጋዙ መውጫ አጥቶ ይታመቃል። የከፋው ነገር ባሩድ በታመቀ ቁጥር ይበልጥ እየፈጠነ መንደዱ ነው። ፍጥነቱ እመቃውን ይጨምራል፤ እመቃውም ፍጥነቱን። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዐይን እስኪጨፈን በማይቆይ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ቧንቧው ሮኬት መሆኑ ቀርቶ ቦምብ ይሆናል፤ ብረቱም በጠነከረ መጠን ስባሪው ይበረታል።

የፕላስቲክ ቧንቧ ይሻላል የሚል ቢኖር እርሱም ተሳስቷል። የፕላስቲክ ስባሪ እንደ ቢላዋ ይቆርጣል፤ ሥጋ ውስጥ ከገባ በኋላም በራጅ እንደ ብረት ጎልቶ ስለማይታይ ሐኪሙን ያስቸግራል።

ታላላቆቹም ተሳስተዋል

ይህ አደጋ የልጆች ብቻ እንዳይመስለን። ማክስ ቫሊየር የተባለው የሮኬት ሰው በአውሮፓ አቆጣጠር በሜይ 17 ቀን 1930 በርሊን ውስጥ አንድ ሞተር በመሞከሪያ መደብ ላይ ሲፈትን ሞተሩ ፈነዳ፤ አንዲት የብረት ስባሪ ደረቱን ወግታ ገደለችው። ቫሊየር ሮኬት አላበረረም፤ በምድር እየፈተነ ነበር።

በኦክቶበር 31 ቀን 1936 ደግሞ ፍራንክ ማሊና የተባለ ተማሪና ጓደኞቹ በካሊፎርኒያ፣ በፓሳዴና አቅራቢያ ባለ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ትንሽ ሞተር ሲሞክሩ፣ ኦክሲጅን የሚያመጣው የጎማ ቱቦ ተቀጣጥሎ እንደ እባብ እየተገረፈ አባረራቸው። ሮጠው አመለጡ። በትምህርት ቤታቸውም «የነፍሰ ገዳዮች ጓድ» የሚል ስም ወጣላቸው፤ ይኸውም የገዛ ነፍሳቸውን የሚያጠፉ ለማለት ነው። እነዚያ ተማሪዎች ከአደጋው ተምረው ሥራቸውን በሥርዓት ስለ ያዙ፣ የዚያ ደረቅ ወንዝ ዳር ዛሬ ወደ ማርስ መንኮራኩር የሚልከው የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ መቀመጫ ሆኗል።

በኦገስት 22 ቀን 2003 ግን በብራዚል፣ በአልካንታራ የማስወንጨፊያ ጣቢያ፣ ሊነሣ ጥቂት ቀን ከቀረው ሮኬት ሞተሮች አንዱ ሳይታሰብ ተቀጣጠለ። በዙሪያው ይሠሩ የነበሩ 21 ባለሙያዎች አለቁ። የተማሩ ሰዎች ነበሩ፤ መሣሪያም አልጎደላቸውም። ሞተሩ ሲነሣ ግን አጠገቡ ነበሩ።

ጫማ ነጋዴው የፈጠረው

ለትምህርት የሚሆነው ትንሽ ሮኬት እንዴት እንደ ተገኘ መናገር ተገቢ ነው። በኦክቶበር 1957 ስፑትኒክ ወደ ሰማይ በወጣች ጊዜ የአሜሪካ ልጆች ሁሉ ሮኬት ካልሠራን አሉ። በየምድር ቤቱ ነዳጅ እየቀመሙ በብረት ቱቦ ሲሞሉ ብዙዎቹ ተጎዱ። ሃሪ ስታይን የተባለ በሮኬት መተኮሻ ሜዳ የደኅንነት ሥራ የሚሠራ ሰው ይህን እየተቃወመ ሲጽፍ፣ በኔብራስካ አገር ጫማ ነጋዴ የነበረው ኦርቪል ካርላይል በ1954 የሠራውን ከወረቀትና ከቀላል እንጨት የተበጀ ትንሽ ሮኬት ላከለት። የዚህ ሮኬት ሞተር ባሩዱ በወረቀት ቱቦ ውስጥ የታመቀ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚነድ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ቨርን ኤስቲስ የተባለ ወጣት ሞተሮቹን በመኪና የሚያመርት ፋብሪካ አቋቋመ፤ ከዚያ ወዲህ ልጆች በእጃቸው ባሩድ መንካት አላስፈለጋቸውም።

በእነዚህ የፋብሪካ ሞተሮች ላይ ለምሳሌ «ሲ 6-5» የሚል ይጻፋል። ፊደሉ የጠቅላላ ኃይሉን ደረጃ ያመለክታል፤ ሲ ማለት እስከ 10 ኒውተን-ሴኮንድ ሲሆን፣ የሚቀጥለው ፊደል ሁልጊዜ የቀዳሚው እጥፍ ነው። 6 ማለት አማካይ ግፊቱ 6 ኒውተን ነው፤ እንግዲህ 10ን ለ6 ብናካፍል ሁለት ሴኮንድ እንኳ ሳይሞላ ነዶ እንደሚያልቅ እናውቃለን። 5 ደግሞ ነዳጁ ካለቀ ከ5 ሴኮንድ በኋላ፣ ጃንጥላውን የሚያስወጣ ሁለተኛ ትንሽ ፍንዳታ በፊት በኩል እንደሚከተል ይናገራል። ይህን ያላወቀ ሰው ሞተሩ አለቀ ብሎ ሲጠጋ ሁለተኛው ፍንዳታ ፊቱን ይመታዋል።

ሊጠበቁ የሚገባቸው ደንቦች

አንደኛ፤ ከመሬት የተገኘ ጥይት፣ ቦምብ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ብረት አይነካም፤ አይነቀነቅም። ቦታውን በዐይን ለይቶ፣ በመጡበት ዱካ ተመልሶ፣ ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ መንገር ነው። ይህ ደንብ ከሌሎቹ ሁሉ ይቀድማል።

ሁለተኛ፤ ነዳጅ በቤት አይቀመምም፤ ክብሪት አይፋቅም፤ ርችት አይፈታም። ያለ ፈቃድ ፈንጂ ነገር መያዝ በአገራችን ሕግም ያስቀጣል። የፋብሪካ ሞተር በሕጋዊ መንገድ ከተገኘ መልካም ነው፤ ካልተገኘ ከዚህ በታች የምናገረው የውሃ ሮኬት ይበቃል።

ሦስተኛ፤ ስሌት ይቅደም። የሚጠበቀው ግፊት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳይሰላ መሞከሪያው አይተከል። መያዣውም ከተሰላው ግፊት ቢያንስ አምስት እጥፍ የሚችል ይሁን። የባሩድ ሞተር ከሆነ አፉ ወደ ላይ፣ ግንባሩ ወደ መሬት ይደረግ፤ ቢያመልጥ ወደ ምድር እንጂ ወደ ሰው አይሄድምና። ነገር ግን በግንባሩ በኩል ለሚወጣው ለሁለተኛው ፍንዳታ በጎን ማምለጫ ይተውለት።

አራተኛ፤ ቦታው ይመረጥ። በበጋ ወራት በደጋው አገራችን የጭድ ክምሩ፣ የሣር ክዳኑና የባሕር ዛፉ ቅጠል ሁሉ ለእሳት የተዘጋጀ ነው። ሣሩ ተነቅሎ አፈሩ የታየበት ገላጣ ስፍራ ይፈለግ፤ ነፋስ ካለ ሥራው ለሌላ ቀን ይደር። እረኛና ከብት እንዳይገባ በአራቱም ማዕዘን ጠባቂ ይቁም። በጀሪካን ውሃና አካፋ የተሞላ አሸዋም ከአጠገብ አይታጣ።

አምስተኛ፤ ርቀትና ግርዶሽ ይኑር። የአሜሪካ የትንንሽ ሮኬት ማኅበር ደንብ ለትንሹ ሞተር 15 ጫማ፣ ከዲ ደረጃ በላይ ለሆነው 30 ጫማ፣ ማለትም 9 ሜትር ያህል ርቀት ያዛል። እኛ በትምህርት ቤት ብዙ ልጆች ስለምንይዝ ከዚህ እጥፍ ብናደርገው አይበዛም። በመካከልም አሸዋ የተሞላ ጆንያ ይደርደር።

ስድስተኛ፤ ማቀጣጠል በክብሪት አይሁን፤ በረጅም ሽቦና በባትሪ ከሩቅ ይሁን። ሽቦው ከሞተሩ ጋር የሚገናኘው በመጨረሻ፣ ሁሉም ሰው ከሸሸ በኋላ ነው። የማቀጣጠያው ቁልፍ አንድ ብቻ ሆኖ፣ ሽቦውን በሚያገናኘው ሰው አንገት ላይ ይንጠልጠል፤ ያን ጊዜ ሌላው ሰው በስሕተት ሊያበራው አይችልም።

ሰባተኛ፤ እምቢ ያለ ሞተር አይታመን። ቁልፉ ተነቅሎ ቢያንስ 60 ሴኮንድ በሰዓት ይቆጠር። ከዚያም አንድ ሰው ብቻ፣ ከጎን በኩል ይጠጋ፤ ወደ አፉ አጎንብሶ መመልከት ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ስምንተኛ፤ ዐይን በመነጽር ይሸፈን። ናይለን በእሳት ቀልጦ ከቆዳ ጋር ስለሚጣበቅ የጥጥ ልብስ ይለበስ። የነጠላ ጫፍና የተለቀቀ ፀጉር ይታሰር።

ዘጠነኛ፤ አዛዡ አንድ ይሁን፤ «ቁም!» ለማለት ግን የመጨረሻው ሕፃን እንኳ ሥልጣን ይኑረው። ቆጠራው ጮክ ብሎ ይቆጠር፤ «ቁም!» ከተባለም ሥራው ያለ ሙግት ይቁም።

የእኛ ሙከራ በኩታበር

ሰኞ ደረሰ። ለልጆቹ ደንቡን አንብቤ፣ «እንግዲህ ባሩድ የለንም፤ ውሃና አየር ግን አለን» አልኳቸው። የውሃ ሮኬት አሠራሩ ቀላል ነው፤ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሲሶው ውሃ ይሞላል፤ አፉ በቡሽ ይደፈናል፤ በቡሹ በኩል በጎማ መንፊያ አየር ይገባል፤ ቡሹ ሲለቀቅ ውሃው ቁልቁል ይወጣና ጠርሙሱ ወደ ላይ ይወረወራል።

ልጆቹ ወዲያው የሃይላንድ ውሃ ጠርሙስ አመጡ። እርሱ ግን ስስ ነው፤ ለእመቃ አልተሠራም። የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ጋዝ እንዲችል ሆኖ የተሠራ ስለ ሆነ ያንን መረጥን። ያልተጫረና ያልተጨማደደ መሆኑን እያገላበጥን አየን። የአየሩም ግፊት ከ3 አትሞስፌር እንዳያልፍ ወሰንን።

ከዚያ ወደ ሰሌዳው ሄድን። የጠርሙሱ አፍ ስፋት 22 ሚሊሜትር ያህል ነው። ግፊቱ የአየሩ እመቃ በአፉ ስፋት ተባዝቶ፣ እንደገና በሁለት ሲባዛ የሚገኝ ነውና፣ በመጀመሪያዋ ቅጽበት 230 ኒውተን ገደማ፣ ማለት 23 ኪሎ እንደሚመዝን ሸክም ሆኖ ተገኘ። ከሱቅ የስኳር ሚዛን ልንዋስ ያሰብን ሰዎች ደነገጥን። በስሌቱ ምክንያት ሚዛኑን ትተን ለእህል የሚሆነውን ተንጠልጣይ የስፕሪንግ ሚዛን ተዋስን።

ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ተከልን። ጠርሙሱ አፉን ወደ ታች አድርጎ በመካከላቸው እንዲንሸራተት ሆኖ፣ በጠንካራ ገመድ ከሚዛኑ ጋር ታሰረ፤ ሚዛኑም ከታች ከተቀበረ ድንጋይ ጋር። ገመዱ ቢበጠስ እንኳ ጠርሙሱ እንዳያመልጥ ከላይ አግዳሚ መታን። ቡሹን የሚይዘው ካስማ በረጅም ሲባጎ ከጆንያው ኋላ ይሳባል። ካስማው እምቢ ቢል ማንም ሳይጠጋ አየሩ በመንፊያው በኩል ከሩቅ እንዲተነፍስ ተደረገ።

የመጀመሪያው ሙከራ ሠመረ። መርፌው ብድግ ብሎ 20 ሳይደርስ ተመለሰ። ግፊቱ ከሴኮንድ ክፍልፋይ ስለማይበልጥ በዐይን ማንበብ አልተቻለም፤ በስልክ ቀርፀን ቀስ እያደረግን አየነው። መርፌው ከስሌቱ ለምን እንዳነሰ ልጆቹ ለሁለት ቀን ተከራከሩ፤ የእኔም ደስታ ያ ክርክር ነበር። ሁለተኛውም በሰላም አለፈ።

በሦስተኛው ሙከራ፣ ዝቅ ባለ እመቃ ላይ ሳለን፣ ያው ሁለት ጊዜ ያገለገለው ጠርሙስ ካስማው ሳይሳብ ፈነዳ። ድምፁ እስከ ገበያው ተሰማ። የፕላስቲኩ ቅዳጅ ጆንያውን መትቶ ወደቀ፤ ሁላችንም ከጆንያው ኋላ ስለ ነበርን አንድም ሰው አልተነካም። የተሰነጠቀውን ጠርሙስ ካነሡት ልጆች መካከል ያ የቧንቧው ባለቤት ነበረበት። ለረጅም ጊዜ ሲያገላብጠው ቆይቶ ወደ እኔ ዞረና፣ «መምህር፣ ይህ ውሃና አየር ነው። ያ ብረቱ ቢሆን ኖሮስ?» አለኝ።

መልስ አልሰጠሁትም፤ መልሱን ራሱ ይዞት ነበርና። በማግሥቱ በደብተሩ ላይ አሥረኛ ደንብ ጽፎ አሳየኝ፤ «አንድ ጠርሙስ ከሁለት ጊዜ በላይ አያገለግልም» ይላል። የእኛ ትምህርት ቤት ልጆች ዛሬ የሚጠብቁት ደንብ እንግዲህ አሥር ነው።

ወላጅ የሆኑ አንባቢ ሆይ፤ ልጅዎ አንድ ቀን በጋዜጣ የጠቀለለውን ይዞ ቢመጣ በቁጣ አያባርሩት። በመጀመሪያ ከእጁ ይቀበሉት፤ ከየት እንዳመጣው ይጠይቁት፤ ቀጥሎም ወደ መምህሩ ይዘውት ይሂዱ። እናንተም መምህራን ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ «አይቻልም» ብላችሁ ብቻ አትመልሱት፤ እንዴት እንደሚቻል አብራችሁት ፈልጉ። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ያ ልጅ ዛሬም በሁለቱም እጆቹ ይጽፋል፤ በአሥሩም ጣቶቹ።